ምዕራፍ ስምንት፦ ከየት ሳይሆን መቼ

ያገለገለ ፎርዊል መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው፣ ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ከመኪናው ሥር የሚያጓራ ድምፅ ከሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከየት ነው የሚመጣው?» ብሎ ነው። ሻጩ «የጎማ ድምፅ ነው» ይላል። ደላላው «ላንድክሩዘር ሁሉ እንዲህ ነው» ብሎ ያልፈዋል። መኪናውን ለማየት አብሮ የመጣው መካኒክ ደግሞ ጆሮውን ወደ ኋላ ቀስሮ «የኋላ ዲፈረንሻል ነው» ብሎ ይፈርዳል። ከሦስቱ አንዱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃ ያቀረበ ግን የለም። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ከዚህ ይነሳል፤ ከመኪና ሥር የሚመጣ ድምፅ የሚለየው በሚሰማበት ቦታ ሳይሆን በሚለወጥበት ሁኔታ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «መቼ ይጀምራል? መቼ ይጠፋል? ምን ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል?» የሚለው ነው። «ከየት» የሚለው መልስ የሚገኘው እነዚህ ከተመለሱ በኋላ ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ገዢ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በገፋ ቁጥር የሚከፈልበት ታክስ እንዲከብድ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ፎርዊል ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ዕድሜው ይረዝማል። ምርቱ እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው ላንድክሩዘር 70 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በእርዳታ ድርጅት ጀምሮ በመሥሪያ ቤት አልፎ በግለሰብ እጅ የገባ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው እውነቱን መናገር ካቆመ ዓመታት ያለፉት መኪና ብዙ ነው። እንዲህ ባለ መኪና ላይ አንድ ዓይነት የሚመስል ጉርምርምታ ከጎማ ሊመጣ ይችላል፤ ከጎማ ኩሽኔታም፣ ከዲፈረንሻሉ ኮሮናና ፒኞንም ሊመጣ ይችላል። የመጀመሪያው ጎማ በመቀየር ያልቃል፤ ሁለተኛው የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሦስተኛው ዲፈረንሻል አውርዶ፣ ጥንድ ማርሽ ገዝቶ፣ በልኬት የሚያስር ባለሙያ ይፈልጋል። በገንዘብ ይህን ያህል የሚራራቁ ነገሮች በጆሮ ይህን ያህል መቀራረባቸው ነው ዘዴ የሚያስፈልግበት ምክንያት።

ጆሮ ቦታ ለመለየት ለምን አይታመንም? ምክንያቱ የሰሚው ድክመት ሳይሆን የድምፁ ጠባይ ነው። ከሻፍት መንቀጥቀጥ የሚመጣ ድምፅ በሰከንድ ከ30 ጊዜ ያነሰ የሚርገበገብ ሊሆን ይችላል፤ የእንዲህ ያለ ድምፅ አንድ ሞገድ በአየር ውስጥ ከ11 ሜትር በላይ ይረዝማል። ከመኪናው ከራሱ የሚረዝም ሞገድ በጋቢና ውስጥ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ጋቢናውን በሙሉ ይሞላዋል። በዚያ ላይ ድምፁ የሚጓዘው በአየር ብቻ አይደለም። ከአክስሉ በባሌስትራው ወደ ሻሲው፣ ከሻሲው በጎማ መደገፊያዎቹ ወደ ወለሉ ይሻገራል፤ በብረት ውስጥ የሚሄድበት ፍጥነት በአየር ከሚሄድበት ከአሥር እጥፍ ይበልጣል። መጨረሻ ላይ የሚጮኸው የትኛውም ሰፊና ስስ ቆርቆሮ ነው። ከፊት ዲፈረንሻል የተነሳ ፉጨት የኋላ በር ላይ የሚሰማው፣ የኋላ ኩሽኔታ ጉርምርምታም ከሹፌሩ እግር ሥር የመጣ የሚመስለው ስለዚህ ነው። ጆሮ በጣም የሚታመንበት ሌላ ነገር አለ፤ ድምፅ ሲለወጥ ወዲያው ያውቃል። ስለዚህ ጆሮን የማይችለውን ከመጠየቅ የሚችለውን መጠየቅ ይሻላል። ድምፁን ሆን ብለን እንለውጠውና ምን እንዳስለወጠው እንመዝግብ።

ለመለወጥ ግን በመኪናው ሥር ምን በምን ፍጥነት እንደሚዞር ማወቅ ያስፈልጋል። ሞተሩ ኃይሉን በፍሪሲዮን በኩል ለካምቢዮ ይሰጣል። ካምቢዮው ለትራንስፈር፣ ትራንስፈሩ ለረጃጅሞቹ ሻፍቶች፣ ሻፍቶቹ ለዲፈረንሻል፣ ዲፈረንሻሉም በጎማ ዘንጎቹ በኩል ለጎማዎቹ ያስተላልፋል። በዚህ መስመር ላይ ሁሉም ነገር በአንድ ፍጥነት አይዞርም። ዙሪያው ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ፣ በላንድክሩዘር ላይ የተለመደውን ዓይነት ጎማ እንውሰድ። መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ይህ ጎማ በሰከንድ ስድስት ተኩል ጊዜ ያህል ይዞራል። ዲፈረንሻሉ 41 ጥርስ ያለው ኮሮናና 10 ጥርስ ያለው ፒኞን ከሆነ ሻፍቱ ከጎማው 4.1 እጥፍ ይፈጥናል፤ በሰከንድ 27 ዙር ያህል ማለት ነው። የኮሮናውና የፒኞኑ ጥርሶች ደግሞ በየሰከንዱ 270 ጊዜ ያህል ይገናኛሉ። ሦስቱ ቁጥሮች ሦስት የተለያዩ ድምፆች ናቸው። በጎማ ዙር የሚደጋገም ጉዳት አንድ ሁለት ብሎ ለመቁጠር እስከሚቀርብ ድረስ የዘገየ «ዉ... ዉ... ዉ» ነው። የሻፍት ጉዳት ወንበርና ወለል የሚያርገፈግፍ ወፍራም ንዝረት ነው። የጥርስ ጉዳት ደግሞ ቀጭን፣ ዜማ ያለው ፉጨት ነው። ዛሬ የድምፅን ድግግሞሽ የሚለካ መተግበሪያ በማንኛውም ስልክ ላይ ይጫናል፤ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 270 አካባቢ ጎልቶ የሚታይ መስመር ካሳየ፣ ፍጥነቱ ወደ 30 ሲወርድም መስመሩ ወደ 135 ከወረደ፣ በዲፈረንሻል ጥርስና በሻጩ «ጎማ ነው» መካከል ያለው ክርክር ከግምት ወደ ሒሳብ ይሸጋገራል።

የመጀመሪያው ፈተና ድምፁ ሞተሩን ይከተላል ወይስ መንገዱን የሚለውን መለየት ነው። ለጥ ባለ መንገድ ላይ በ60 ኪሎ ሜትር በሦስተኛ፣ በአራተኛና በአምስተኛ ማርሽ መንዳት ይበቃል። የመኪናው ፍጥነት አንድ ነው፤ የሞተሩ ዙር ግን በየማርሹ ይለያያል። ድምፁ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ቅላጼውን ከለወጠ ምንጩ ከካምቢዮው መውጫ በፊት ነው። ሦስቱም ላይ አንድ ሆኖ ከጸና ከካምቢዮው በኋላ ነው። ካምቢዮው ውስጥ ከሆነም ነገሩ የበለጠ ሊጠብ ይችላል። በላንድክሩዘር 70 ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ላይ አራተኛው ማርሽ ቀጥተኛ ነው፤ ኃይሉ በታችኛው ዘንግ ሳይዞር ከመግቢያው በቀጥታ ወደ መውጫው ያልፋል። በሌሎቹ ማርሾች እየጮኸ በአራተኛ የሚረጋጋ ካምቢዮ የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታዎቹ እንደተበሉ እየተናገረ ነው። በአንድ ማርሽ ብቻ የሚጮኸው የዚያ ማርሽ ጥርስ ነው። መኪናው ቆሞ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ፣ ማርሹም ፎሌ ላይ ሆኖ የሚሰማ ድምፅ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ከጠፋ የካምቢዮው መግቢያ ወይም የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታ ይጠረጠራል፤ ሲረገጥ ከጀመረ ግን ጥርጣሬው በፍሪሲዮኑ መግፊያ ኩሽኔታ ላይ ይወድቃል። ይህ ሁሉ የሚታወቀው አንድ ቡሎን ሳይፈታ ነው።

ድምፁ መንገዱን የሚከተል ከሆነ ቀጣዩ ፈተና ጭነት ነው። በተመሳሳይ ፍጥነት ነዳጅ መስጠት፣ ፍጥነቱ እንዳይጨምርም እንዳይቀንስም አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ እግርን ጨርሶ ማንሳት፤ ሦስት ሁኔታዎች ናቸው። ነዳጅ ሲሰጥ ፒኞኑ ኮሮናውን በአንደኛው የጥርሱ ፊት ይገፋዋል፤ እግር ሲነሳ ጎማዎቹ በተራቸው ፒኞኑን በሌላኛው ፊት ይገፉታል። ስለዚህ ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ የሚያፏጭ፣ ወይም እግር ሲነሳ ብቻ የሚያፏጭ ድምፅ የጥርስ ድምፅ ነው፤ ጎማና የጎማ ኩሽኔታ የሹፌሩ እግር የት እንዳለ አያውቁምና። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ የሚወርደው ረጅም ቁልቁለት ይህን ለመስማት የተመቸ ነው። መኪናው በማርሽ ተይዞ ሲወርድ ጥርሶቹ ለረጅም ጊዜ በጀርባቸው ስለሚሠሩ፣ ሜዳ ላይ ለአፍታ ብልጭ ብሎ የሚጠፋው ፉጨት ቁልቁለቱ ላይ ቁጭ ብሎ ይሰማል።

ዲፈረንሻል የሚያፏጭበት ምክንያት ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል፤ ገንዘቡ ያለው እዚህ ነውና። በአብዛኞቹ ፎርዊሎች ፒኞኑ ከኮሮናው መሐል ዝቅ ብሎ ይገጠማል። እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው ይህ አሠራር ጥርሶቹ እየተገፉ ብቻ ሳይሆን እየተንሸራተቱም እንዲሠሩ ያደርጋል፤ ከባድ ጫና የሚችል ልዩ ዘይት የሚፈለገውም ለዚህ ነው። በጥርሶቹ መካከል የሚተወው ክፍተት ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እስከ ሁለት አሥረኛ አካባቢ ብቻ ነው። ፒኞኑን የያዙት ኩሽኔታዎች ትንሽ ሲላሉ ፒኞኑ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ጥርሶቹም ለዓመታት ከተላመዱበት ቦታ ውጭ መነካካት ይጀምራሉ። ፉጨቱ የዚህ ውጤት ነው። እዚህ ደረጃ ላይ የተገኘ ዲፈረንሻል ኩሽኔታ ተቀይሮለትና ልኬቱ ተስተካክሎለት ሊተርፍ ይችላል። ለአንድ ዓመት የተነዳው ግን ጥርሱ በአዲሱ ቦታ ተበልቷል፤ ኮሮናና ፒኞን ደግሞ በፋብሪካ ተጣጥመው የሚወጡ ጥንድ ስለሆኑ አንዱን ብቻ መቀየር አይቻልም። ነዳጅ ሲሰጥ የሚለወጥ ድምፅን በጊዜ ከማይለወጠው መለየት በትንሽና በትልቅ ወጪ መካከል መምረጥ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ለጭነት ደንታ የሌለው ድምፅ ብዙ ጊዜ ከጎማ ወይም ከጎማ ኩሽኔታ ነው፤ እነዚህን ሁለቱን መለየት ደግሞ ሌላ ለውጥ ይጠይቃል። ጎማ የመንገዱን ገጽ ያውቃል፤ ከሻካራ አስፋልት ወደ ለስላሳ፣ ከአስፋልት ወደ አፈር ሲሸጋገር ድምፁን ይለውጣል። የጎማው ጥርስ በመጋዝ ቅርጽ አንድ ወገን ከፍ ሌላው ዝቅ ብሎ ተበልቶ ከሆነ እጅ ሲያልፍበት ይታወቃል፤ በአንድ አቅጣጫ ይለሰልሳል፣ በሌላው ይሸካከራል። ጎማውን ከፊት ወደ ኋላ ማዛወር ጥርጣሬውን ይዘጋዋል፤ ድምፁ አብሮ ከተዛወረ ጎማው ነው። ኩሽኔታ ግን መንገዱ ቢቀየር ግድ የለውም፤ የሚያውቀው ክብደትን ነው። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማዎች ስለሚጫን፣ ሰፊ መንገድ ላይ ቀስ ብሎ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ወደ ግራ ሲሄድ የሚብስ ጉርምርምታ የቀኙን ኩሽኔታ ያመለክታል። ምልክቱ ጠንካራ ቢሆንም ብቻውን ፍርድ አይደለም፤ አንዳንድ ኩሽኔታ ጫናው ሲቀልለት የሚጮህበት ጊዜ አለና በክሪክ ተነስቶ መረጋገጥ አለበት።

እስካሁን የተባለው ለማንኛውም የኋላ ጎማ ለሚነዳ መኪና ይሠራል። ፎርዊሉ ግን ለመርማሪው የሚሰጠው ተጨማሪ ስጦታ አለ፤ የፊተኛው መስመር በፈለግነው ጊዜ ይዞራል፣ በፈለግነው ጊዜ ይቆማል። በብዙ ላንድክሩዘር 70 የፊት ሞዞ ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ አለ። መቆለፊያው «ፍሪ» ላይ ሆኖ የትራንስፈሩ ዱላ የኋላ ጎማዎች ብቻ በሚነዱበት ሁለት ኤች ላይ ከሆነ የፊት ጎማዎች ብቻቸውን ይዞራሉ፤ የፊት ዘንጎች፣ የፊት ዲፈረንሻልና የፊት ሻፍት ሥራ የላቸውም። ዱላው ሳይነካ ሞዞው «ሎክ» ላይ ሲደረግ እነዚህ ሁሉ በጎማው እየተጎተቱ ያለ ጭነት ይዞራሉ። በመጨረሻም በኮረኮንች መንገድ ላይ አራቱም ጎማዎች የሚነዱበት አራት ኤች ሲገባ በጭነት ይዞራሉ። ሦስቱን በአንድ መንገድ፣ በአንድ ፍጥነት መሞከር ነው። በመጀመሪያው ላይ የነበረ ድምፅ ከፊተኛው መስመር አይደለም፤ በሁለተኛው የመጣ የሚዞር ነገር ነው፣ ማለትም የፊት ዲፈረንሻል ኩሽኔታ ወይም የፊት ሻፍት፤ በሦስተኛው ብቻ የመጣ ጭነት የሚወድቅበት ነገር ነው፣ ማለትም ጥርስ ወይም በሰንሰለት በሚሠሩት ላይ የረዘመ የትራንስፈር ሰንሰለት። መሪው ጨርሶ ተጠምዝዞ፣ አራት ኤች ገብቶ፣ በቀስታ ነዳጅ ሲሰጥ «ቋ ቋ ቋ» የሚለው ደግሞ በፊት ጎማ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ጆይንት ነው። ሞዞው «ፍሪ» ላይ ሆኖ ይህን ድምፅ የሚያሰማ መኪና ካለ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ይፈለግ፤ በዚያ ሁኔታ ጆይንቱ ኃይል አያስተላልፍምና።

በዚህ ፈተና ወቅት ጥፋት ያልሆነን ነገር ጥፋት ማድረግም ይቻላል። ማዕከላዊ ዲፈረንሻል የሌለው ፎርዊል በአራት ኤች ደረቅ አስፋልት ላይ ሲታጠፍ ያቃስታል፣ ይገተራል፣ ጎማውን ይፍቃል፤ ዱላውም አልወጣም ይላል። በመታጠፊያ ላይ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ስለሚሄዱ፣ ትራንስፈሩ ግን ሁለቱን ሻፍቶች በእኩል ፍጥነት ስላሰራቸው፣ ልዩነቱ በዘንጎቹ ውስጥ እንደ ተጠመዘዘ ኃይል ይጠራቀማል። ያ የአጠቃቀም ስህተት እንጂ የመኪና ሕመም አይደለም፤ ፈተናው አፈር ላይ መደረግ ያለበትም ስለዚህ ነው። እንደ ፕራዶ 120 ያሉት ሁልጊዜ አራቱንም ጎማ የሚነዱ መኪኖች በመካከላቸው ዲፈረንሻል ስላላቸው አስፋልት ላይ አይገተሩም፤ ነገር ግን የፊተኛው መስመር መቼም ስለማይቆም የሞዞው ፈተና ይቀርባቸዋል። ለእነሱ የጭነቱ፣ የመታጠፊያውና የክሪኩ ፈተና የበለጠ ክብደት ይኖረዋል።

የማያቋርጥ ድምፅ እንዲህ ሲለይ፣ አንዴ ብቻ «ኳ» ብሎ የሚያልፈው ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ማርሽ ሲገባ፣ ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ፣ ከፊት ወደ ኋላ ማርሽ ሲቀየር የሚሰማው ምት የላላ ነገር ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሲመታ የሚወጣ ነው። መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሻፍቱ ባለ መስቀል መጋጠሚያ፣ ክሮቼራው ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማዎቹ በድንጋይ ተደግፈው፣ ማርሹ ፎሌ ላይ ሆኖ ሻፍቱን በእጅ ግራና ቀኝ መጠምዘዝ ነው። ከመስቀሉ ሁለት ወገን አንዱ ቀድሞ ሌላው ከዘገየ ክሮቼራው አልቋል። በመስቀሉ ቆቦች ዙሪያ የዛገ ቀይ ዱቄት መታየቱ ከዚያም በፊት ይናገራል፤ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን መርፌ መሰል ኩሽኔታዎች ግራሶ አልቆባቸው እርስ በርስ ይፋጫሉ ማለት ነው። ቀስ ሲባል ሲጥ ሲጥ እያለ ፍጥነት ሲጨምር የሚጠፋው ድምፅም የዚሁ የደረቀ ክሮቼራ ነው። ክሮቼራው ደህና ሆኖ ምቱ ካለ፣ የሻፍቱ ተንሸራታች መጋጠሚያ በግራሶ እጦት ደርቋል፣ ወይም የዲፈረንሻሉ ክፍተት ሰፍቷል፣ ወይም የሞተር መደገፊያው ጎማ ተበጥሷል።

ሻፍት ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ፤ ብዙ ደህና መኪና በእሱ ይታመማል። ክሮቼራ ታጥፎ ሲሠራ የሚነዳውን ሻፍት በእኩል ፍጥነት አያዞርም፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ያፈጥነዋል፣ ሁለት ጊዜ ያዘገየዋል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሮበርት ሁክ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያጠናው መጋጠሚያ ነው። ችግሩ የሚድነው በሻፍቱ ሌላ ጫፍ ሁለተኛ ክሮቼራ በእኩል አንግል ተገጥሞ የመጀመሪያውን ሲሰርዘው ነው። ለዚህም የሁለቱ ጫፎች ሹካዎች በአንድ መስመር መቆም አለባቸው። ጋራዥ ውስጥ ሻፍቱን ለግራሶ የፈታ ሰው ተንሸራታቹን መጋጠሚያ አንድ ጥርስ ብቻ አሳስቶ ቢገጥመው ሁለቱ ክሮቼራዎች መሰራረዛቸው ይቀርና፣ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ ከ50 ጊዜ በላይ የሚደጋገም ንዝረት ይወለዳል። ባሌስትራ ተጨምሮበት ከፍ የተደረገ መኪናም አንግሉ ስለሚበላሽ እንዲሁ ይሆናል። ስለዚህ «ኩሽኔታ ተቀይሯል፣ ክሮቼራ ተቀይሯል፣ ንዝረቱ ግን አልቀረም» የተባለለት መኪና ሲመጣ፣ ሌላ ዕቃ ከመግዛት በፊት ከሥር ገብቶ የሹካዎቹን አቋም ማየት ነጻ ነው።

በዚህ ዘዴ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ልምድ ነው። «ሠላሳ ዓመት የሠራ መካኒክ ገና ሲሰማ ያውቀዋል፤ ይህን ሁሉ ፈተና ምን አመጣው?» ይባላል። ልምድ ያለው ሰው በፍጥነት ማወቁ እውነት ነው። እንዴት እንደሚያውቅ ልብ ብሎ ላየው ግን የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ዝም ብሎ አይሰማም፣ እየነዳ ነዳጅ ይሰጣል፣ ይለቃል፣ ማርሽ ያወርዳል፣ መሪ ያወዛውዛል። ፈተናው እጁ ውስጥ ስለገባ ስም አይሰጠውም። ባለ ልምዱ የሚሳሳተው መኪናውን ሳይነዳ ሜዳ ላይ ቆሞ ሲፈርድ፣ ወይም ከትናንቱ መኪና ጋር ስለተመሳሰለበት ብቻ ሲደመድም ነው። ዘዴው የልምድ ተቃራኒ አይደለም፤ ልምድ የሌለው ገዢ የባለሙያውን ፍርድ እንዲመዝን የሚያስችል ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከገበያው ይመጣል፤ ሻጭ ይህን ሁሉ ለመሞከር ጊዜ አይሰጥም፣ መኪናውንም አዘጋጅቶ ነው የሚያመጣው። ለዚህ ያለው መልስ ሁለት ነው። ማርሽ መቀየር፣ እግር ማንሳትና ቀስ ብሎ መወዛወዝ የማንኛውም የሙከራ ጉዞ ያህል ጊዜ ይበቃቸዋል፤ ሃያ ደቂቃ የማይፈቅድ ሻጭ ራሱ መረጃ ሰጥቷል። ዝግጅቱን በተመለከተ ደግሞ ጸጥታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከልክ በላይ የወፈረ ዘይት ወይም ግራሶ ዲፈረንሻል ውስጥ መሙላት፣ ከዚያም ሲከፋ የእንጨት ፍቅፋቂ መጨመር፣ በብዙ አገር የታወቀ የድሮ የሻጭ ተንኮል ነው። ወፍራም ዘይት ሲቀዘቅዝ ድምፅ ይሸፍናል፤ ሲሞቅ ይቀጥናል። ስለዚህ መኪናው ቀዝቅዞ ሲነሳም ረጅም ተነድቶ ከሞቀም በኋላ መሰማት አለበት፤ ጠዋት ጸጥ ብሎ እኩለ ቀን ላይ የሚያፏጭ ዲፈረንሻል የተሸፋፈነ ታሪክ አለው። የዘይት መክፈቻው ቡሎን ተፈትቶ ዘይቱ በጣት ሲታይ ቀሪው ይወጣል። በማግኔቱ ላይ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ግራጫ የብረት ብናኝ የተለመደ ነው፤ ስለታም ስባሪ ግን የጥርስ ወይም የኩሽኔታ ቁራጭ ነው። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቷል። ወንዝ የሚሻገር መኪና የሞቀ አክስሉን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲነክር በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ የአክስሉ መተንፈሻ ከተደፈነ ውሃውን በዘይት መያዣው ጎማ በኩል ስቦ ያስገባል። ኩሽኔታውን የሚበላው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዝገት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ጠንካራው ነው፤ ያረጀ መኪና አንድ ጥፋት ብቻ የለበትም፣ ሁለት ሦስት ድምፅ ተደራርቦ ሲመጣ ይህ የመለየት ሥርዓት ይፈርሳል። በከፊል እውነት ነው። የተበላ ጎማ ያለበት መኪና ላይ የኩሽኔታን ድምፅ መለየት ከባድ ነው። መልሱ ግን ዘዴውን መተው ሳይሆን በርካሹ መጀመር ነው፤ ጎማውን ማዛወር ወይም ከሌላ መኪና መዋስ፣ ከዚያ እንደገና መስማት። አንዱ ድምፅ ሲወጣ የቀረው ይገለጣል። መንዳቱ ጥርጣሬውን ወደ ሁለት ሦስት ካጠበበው በኋላ ደግሞ እጅ ይገባበታል። መኪናው በክሪክ ተነስቶ፣ በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ ማቆሚያ ተደግፎ፣ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይነቀነቃል። ከላላ የጎማው ኩሽኔታ ነው ብሎ መቸኮል አይገባም፤ ላንድክሩዘር 70 ላይ መሪው የሚዞርበት ማጠፊያም የራሱ ኩሽኔታ አለው። ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ ያኔ ሞዞው ከማጠፊያው ጋር አንድ ይሆናል። መነቃነቁ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነበር፤ ካልጠፋ የማጠፊያው ነው። ጎማውን በእጅ እያዞሩ ሌላውን እጅ ባሌስትራው ወይም ሞላው ላይ ማድረግም ጆሮ ያልሰማውን ሸካራነት ጣት እንዲሰማው ያደርጋል።

የቀረው ተቃውሞ የቸልታ ነው፤ «የሥራ መኪና ነው፣ ይጮሃል፣ ይሄዳል»። እዚህ ላይ ሁሉንም ድምፅ አንድ ማድረግ ነው ስህተቱ። ለዓመታት ሳይጨምር የቆየ ቀጭን የማርሽ ፉጨት፣ ዘይቱ ንጹሕ ሆኖ ማግኔቱም ስባሪ ካልያዘ፣ ብዙ ጊዜ አብሮት ሊኖር የሚችል ነው፤ በጥርጣሬ ብቻ ዲፈረንሻል መፍታት ደህናውን ማመሳቀል ነው። የጎማ ኩሽኔታ ጉርምርምታ ግን አይቆይም። የተበላው ብረት ይሞቃል፣ ሙቀቱ ግራሶውን ያቀልጣል፣ ግራሶ ያጣው ኩሽኔታም ሲያዝ ጎማው ሊቆለፍ ወይም ከነሞዞው ሊወጣ ይችላል። ያለቀ ክሮቼራም ሲሰበር ሻፍቱ እየተወራጨ የፍሬን ቱቦና የነዳጅ መስመር ይቆርጣል። ስለዚህ ከድምፁ ጉልበት ይልቅ በወራት ውስጥ መጨመር አለመጨመሩ፣ ከሙቀትና ከመላላት ጋር አብሮ መምጣት አለመምጣቱ ነው የሚመዘነው። ይህን መመዘን የሚችለው ደግሞ ድምፁ ያለበትን ሁኔታ አስቀድሞ የመዘገበ ብቻ ነው።

ለዚህ ነው የምርመራው ውጤት በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፎ መያዝ ያለበት። «የኋላ ዲፈረንሻል ይጮሃል» ብሎ ጋራዥ የሚገባ ሰው ያልተረጋገጠ ፍርድ ለመካኒኩ እየሰጠ ነው፤ መካኒኩም የተባለውን ይፈታል፣ የተፈታውም ይከፈልበታል። «ከ55 እስከ 70 ኪሎ ሜትር፣ በሦስተኛም በአምስተኛም፣ ነዳጅ ሲሰጥ ያፏጫል፣ እግር ሲነሳ ይጠፋል፣ ሞዞው ፍሪ ሆኖ» ያለው ሰው ግን ሞተሩን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ካምቢዮውን፣ የፊተኛውን መስመር፣ ጎማዎቹንና የጎማ ኩሽኔታዎቹን ሳይነካ ከጥርጣሬ አውጥቷል። ከሻጭ ጋር ሲደራደርም ያው ነው። ስሙ ያልታወቀ ድምፅ ያለበት መኪና በሁለት መንገድ ያከስራል፤ አንድም ገዢው ፈርቶ ደህናውን መኪና ትቶ ይሄዳል፣ አንድም ተስፋ አድርጎ የታመመውን በደህና ዋጋ ይገዛል። ሁኔታው የታወቀ ድምፅ ግን የሥራ ዝርዝርና የዕቃ ዋጋ ስለሚኖረው፣ ከመኪናው ዋጋ ላይ ተቀንሶ መግዛትም መተውም በሒሳብ የሚወሰን ጉዳይ ይሆናል።